የሴንቲነል 2 ደመና ማስክ በ10፣ 20 እና 60 ሜትር፦ ክረምት፣ ጎጃም

ቃዳ_በቃዳ (ጥያቄ)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሥራው ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ ከመርዓዊ እስከ ቆጋ መስኖ፣ በቆሎና ጤፍ በሳተላይት ምስል መለየት ነው። ምስሉ የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲነል 2 ኤል2ኤ (የአየሩ ተጽዕኖ የታረመለት)፣ ጊዜው ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 (በፈረንጆቹ ከጁን 8 እስከ ኦክቶበር 10)። አካሄዱ ተራ ነው፦ ኤስሲኤልን (ለእያንዳንዱ ፒክስል ደመና፣ ጥላ፣ ተክል፣ ውሃ እያለ የምደባ ቁጥር የሚሰጠውን ንብርብር) ወደ 10 ሜትር ማምጣት፣ 3፣ 8፣ 9 እና 10 ቁጥሮችን (ጥላና ደመና) መቁረጥ፣ ማለትም ማስክ ማድረግ፣ ኤንዲቪአይ (የተክል አረንጓዴነት መለኪያ) ማስላት፣ ከዚያ የ15 ቀን ሚዲያን (መካከለኛ ዋጋ)።

ሦስት ነገር እየተበላሸ ነው። አንደኛ፣ ደመናው ከተቆረጠ በኋላ ዳር ዳሩን ነጣ ያለ ቀለበት ይቀራል፤ 0.7 የነበረ ኤንዲቪአይ እዚያ ላይ 0.4 ይሆናል። ሁለተኛ፣ ባሕር ዳርና መርዓዊ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ ደመና ተብሎ ይቆረጣል። ሦስተኛው ግራ ያጋባል፦ ደመናና ጥላ በሚገናኙበት ላይ ቀጭን የውሃ መስመር ይወጣል። ወንዝ በሌለበት የበቆሎ ማሳ መሐል 6 ቁጥር ምን ይሠራል?

ራስተር_ቤት

ከሦስተኛው ልጀምር፤ መልሱ አጭር ስለሆነ። ኤስሲኤልን ወደ 10 ሜትር ስታመጣ የተጠቀምከው ባይሊኒየር ነው፤ እሱ የጎረቤት ፒክስሎችን አማካይ ይወስዳል። 9 ደመና ነው፣ 3 ጥላ ነው። የሁለቱ አማካይ 6 ይሆናል፣ 6 ደግሞ ውሃ ነው። ወንዙን የፈጠረው ሪሳምፕሉ (የፒክስል መጠን ለውጡ) ነው። ልብ ብለህ ካየህ 4 (ተክል) እና 10 (ቀጭን ሲረስ፣ የከፍታ ደመና) በሚነካኩበት ላይም 7 ቁጥር ታገኛለህ፤ እሱ ግን "ያልተመደበ" ስለሆነ ዓይን አይስብም።

የኤስሲኤል ቁጥር መጠን አይደለም፣ ስም ነው። ስም አይደመርም፣ አይካፈልም። ሁልጊዜ ኒረስት ኔበር፣ የቅርቡን ፒክስል ቁጥር እንዳለ የሚወስደው። በኪውጂአይኤስ የዋርፕ መስኮት ውስጥ የሪሳምፕሊንግ ምርጫውን ሳያዩ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። በኧርዝ ኢንጂን (የጉግል የሳተላይት ምስል መድረክ) ምንም ካላዘዝከው ኒረስት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ምስሉን በሙሉ ባይሊኒየር ብለህ ካዘዝክ ግን ኤስሲኤልም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤስሲኤልን ለይተህ አውጣ፣ ከዚያ የቀሩትን ባንዶች (የተለያየ ብርሃን የያዙትን ንብርብሮች) እንደፈለግህ አለስልስ።

ስለ ፍርግርጉ አትስጋ። በአንድ ታይል (የምስል ቁራጭ) ውስጥ የ10፣ የ20 እና የ60 ሜትር ባንዶች የሚነሡት ከአንድ የላይኛ ግራ ጥግ ነው፦ 10,980 በ10,980፣ 5,490 በ5,490፣ 1,830 በ1,830። አንድ የ20 ሜትር ፒክስል ልክ አራት የ10 ሜትር ይይዛል፣ አንድ የ60 ሜትር ደግሞ 36። መንሸራተት የለም። መንሸራተት ካየህ ፋይሉን መሐል ላይ ሌላ ሰው ቆርጦታል ማለት ነው።

ዳሞት_ኮድ

አንድ ነገር ልጨምር፦ የኤል2ኤ ፎልደር ውስጥ ኤስሲኤል ሁለት ቦታ አለ፣ በ20 ሜትር እና በ60 ሜትር። ብዙ ሰው ፋይሉ ቀለል ስለሚል የ60ውን ያነሣል። ለጎጃም ማሳ ይህ አይሆንም። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው፤ በ10 ሜትር 25 ፒክስል፣ በ20 ሜትር ስድስት ገደማ። የ60 ሜትር አንዷ ፒክስል ግን 0.36 ሄክታር ናት። አንዲት ፒክስል ተሳስታ ደመና ካለች ቃዳው ሙሉ ለሙሉ ሄደ፣ የጎረቤቱም ጠርዝ አብሮ።

ዋርካ_ጥላ

ስለ ቀለበቱ። ሁለት ምክንያት አለው፤ ሰው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

የሚታወቀው፣ የደመና ዳር ቀጭን መሆኑ ነው። ከመሬቱ ጋር ስለሚቀላቀል ምደባው 4 ወይም 5 (የተራቆተ መሬት) ይለዋል። ብርሃኑም ከደመናው ጎን ወደ አጠገቡ መሬት ይረጫል፤ ቢ2 (ሰማያዊው ባንድ) እና ቢ4 (ቀዩ) ከፍ ይላሉ፣ ኤንዲቪአይ ይወርዳል።

የማይታወቀው፣ ሴንቲነል 2 ሁሉንም ባንድ በአንድ ቅጽበት አለማንሣቱ ነው። ቢ2 መጀመሪያ ያያል፣ ቢ4 ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ቢ8ኤ እና ቢ12 ከ2 ሰከንድ በላይ ቆይተው፣ ቢ9 በመጨረሻ ከ2.5 ሰከንድ በኋላ። በዚያ መሐል ሳተላይቱ ኪሎ ሜትሮች ተጉዟል፣ ስለዚህ የሚያይበት ማዕዘን ይለያያል። ባንዶቹ እርስ በርስ የሚገጣጠሙት ግን በመሬት ከፍታ ላይ ነው። መሬት ላይ ያለ ነገር ልክ ይገጥማል፣ አየር ላይ ያለው አይገጥምም። ከመሬት 5 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ደመና በቢ2 እና በቢ4 መካከል ወደ 40 ሜትር ይዘላል፤ በቢ8 (ቅርብ ኢንፍራሬድ) እና በቢ8ኤ መካከል ወደ 75 ሜትር፤ በቢ2 እና በቢ12 መካከል ወደ 90። በእውነተኛ ቀለም ስታዩት ደመናው ዳር ላይ ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ የምታዩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ በአንድ ባንድ ላይ ፍጹም የሆነ ማስክ ቢኖርህ እንኳ ለሌላው ባንድ አይሆንም። በፈሩ (ማስኩን ወደ ዳር ማስፋቱ) ውበት ለመጨመር የሚደረግ አይደለም፤ የሁሉንም ባንድ ደመና አንድ ላይ የሚሸፍን መሆን አለበት። ለከፍተኛ ደመና ከ100 ሜትር በታች በፈር አይበቃም። ለዝቅተኛ የክረምት ኩሙለስ (ክምር ደመና) 60 ሜትር ሊበቃ ይችላል።

ቃዳ_በቃዳ

ጋሽ ዋርካ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቀለሙ ጠርዝ ምስጢር አሁን ገባኝ። በፈሩ ግን ተሞክሯል። በየቦታው የሚዞረው የኧርዝ ኢንጂን ኮድ ላይ 50 ሜትር ብሎ አስቀምጧል። 100 ሲደረግ ማሳው ግማሹ አለቀ።

ዳሞት_ኮድ

ያ ኮድ 50 ይበል እንጂ 50 አይደለም። መስመሩን ቀስ ብለህ አንብበው። ማስኩ መጀመሪያ በ2 ፒክስል ይኮማተራል፣ ከዚያ በበፈሩ ሁለት እጥፍ ሲካፈል 20 በሚወጣው ቁጥር ይሰፋል። 50 ሲገባ 5 ፒክስል፣ የሚሠራውም በ20 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ማስፋቱ 100 ሜትር ሆነ። የተኮማተረው 40 ሲቀነስ ዳሩ ላይ በእውነት የሚጨምረው 60 ሜትር ነው። አንተ 100 ስታስገባ 10 ፒክስል፣ 200 ሜትር፣ የተጣራው 160። አንድ ቃዳ 50 በ50 ቢሆን በየጎኑ ሦስት ማሳ ሄደ ማለት ነው። ማሳህን የበላው ይኸው ነው።

75 አስገባ፤ የተጣራው ወደ 110 ይሆናል፣ የጋሽ ዋርካንም ልክ ያሟላል።

ሌላው ወጥመድ፦ በፈሩን በፒክስል ሰጥተህ ሪፕሮጀክት ካላደረግህ (ፍርግርጉን በአንድ መጠን ካላሰርከው)፣ ካርታው ላይ ዙም ስታደርግ በፈሩ አብሮ ይቀየራል። ርቀህ ስታየው ደመናው ክልሉን ይውጣል፣ ቀርበህ ስታየው ቀለበቱ ይመለሳል። ወይ በሜትር ስጠው ወይ በ20 ሜትር አስረው። ዓይንህ ያየውና ኤክስፖርት ያደረግከው እንዳይለያዩ።

ጮቄ4000

ማኮማተሩ ለቆርቆሮ ጣሪያው ነው የገባው። አንድ ጣሪያ ሁለት ሦስት ፒክስል ስለሆነ በ2 ፒክስል ማኮማተር ይጠፋል። መርዓዊ ዳር ላይ ላሉ የተበታተኑ ቤቶች ይሠራል። ባሕር ዳር ላይ ግን ጣሪያ ከጣሪያ ተያይዞ አንድ ትልቅ ነጭ ሜዳ ስለሆነ አይሠራም። ዋጋም አለው፦ ከ80 ሜትር ያነሰች የረፋድ ኩሙለስ ከጣሪያው ጋር ትጠፋለች።

ለከተማው ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ጋሽ ዋርካ የገለጹትን መዝለል መጠቀም ነው። ሲዲአይ የሚባለው መለኪያ ቢ7፣ ቢ8 እና ቢ8ኤን አነጻጽሮ የሚዘለውን ከማይዘለው ይለያል። ጣሪያ አይዘልም፣ ደመና ይዘላል። ከኔጌቲቭ 0.5 በታች የወረደውን ከደመና ፕሮባቢሊቲ ጋር አጣምረህ ታያለህ። የሚሰላው በኤል1ሲ (የአየሩ ተጽዕኖ ባልታረመለት ምስል) ላይ ነው። ጉድለቱ፦ ጮቄ ላይ መሬት የነካ ጭጋግ አይዘልም፣ ስለዚህ ሲዲአይ "መሬት ነው" ይልሃል። ለባሕር ዳር ተጠቀምበት፣ ለሰከላና ለጮቄ ተዳፋት አትጠቀም።

ሁለተኛው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከኅዳር 1 እስከ የካቲት 30 ያሉትን ምስሎች ውሰድ፤ በ5 ቀን አንዴ ሲሆን 24 ያህል ነው። በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ስንት ጊዜ ደመና እንደተባለ ቁጠር። በበጋ አንድ ቦታ ላይ ከ24 ቀን 12 ቀን የሚቆም ደመና ጎጃም ውስጥ የለም። 12 እና ከዚያ በላይ የሆነው ጣሪያ፣ የአበባ እርሻ ፕላስቲክ ወይም የተራቆተ ነጭ መሬት ነው። ያንን እንደ ቋሚ ንብርብር አስቀምጠህ በክረምት ማስኩ ላይ ነጻ አውጣው። ለአንድ ዓመት ይበቃል፣ ከዚያ አዲስ ቆርቆሮ ስለሚመታ እንደገና ይሠራል። በዚያ ንብርብር ላይ የቀረውን ደመና በሌላ መንገድ መያዝ ግድ ነው፤ ለሰብል ሥራ ግን ከተማው ራሱ ስለሚወጣ ግድ የለም።

ዝቅ_ብሎ_በራሪ

ኧረ ለምን ትደክማላችሁ? ክላውድ ስኮር ፕላስን (የጉግልን የምስል ጥራት ነጥብ) ውሰዱና ጨርሱ። በ10 ሜትር ይመጣል፣ ደመናም ጥላም በአንድ ቁጥር ይዟል፣ በፈርም አይፈልግም። ሥራው ተሠርቶ ተቀምጦ እያለ በኤስሲኤል መጋደል ምንድን ነው።

ራስተር_ቤት

በርግጥ ከኤስሲኤል ይሻላል፣ ማንም አይከራከርህም። ግን "ጨርሱ" የሚባል ነገር የለም።

አንደኛ፣ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። በኤስ2 ክላውድለስ (የደመና ፕሮባቢሊቲ የሚያሰላ ፕሮግራም) ቁጥሩ ከፍ ሲል ደመና ነው፤ በክላውድ ስኮር ፕላስ ከፍ ሲል ጥርት ያለ ነው። የድሮውን ኮድ ይዞ ንብርብሩን ብቻ የቀየረ ሰው ጥርት ያለውን ቆርጦ ደመናውን ያስቀራል፣ ሚዲያኑም ነጭ ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ባንድ አለው። ሲኤስ የሚባለው ለጭጋግና ለደመና ዳር ስሱ ነው። ሲኤስ ሲዲኤፍ ደግሞ ለትንሽ ለውጥና ለገደል ጥላ ብዙም አይደነግጥም። ሜጫ ሜዳ ላይ ሲኤስ በ0.60 እና በ0.65 መካከል፤ ዓባይ ሸለቆና ጮቄ ላይ ሲኤስ ሲዲኤፍ በ0.55 አካባቢ። ሲኤስን ሸለቆ ላይ ብትጠቀም የገደሉን ጥላ ከደመና ጥላ ጋር አብሮ ያጠፋዋል።

ሦስተኛ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ 0.65 ብለህ ካጠበቅህ ከአራት ወር ውስጥ ለአንድ ማሳ ሁለት ወይም ሦስት ምልከታ ይተርፍሃል። የሁለት ምልከታ ሚዲያን አማካይ ነው፤ አንዱ በጭጋግ የተበላሸ ከሆነ ግማሹ መበላሸቱ ነው። ገደቡን በወር በወር ለውጥ፣ ደግሞ ሁልጊዜ በየፒክስሉ ስንት ጥርት ያለ ምልከታ እንደቀረ የሚቆጥር ባንድ ከኮምፖዚቱ ጋር አውጣ። ከ3 በታች የሆነውን አትመን።

ዝቅ_ብሎ_በራሪ

ስለ ሁለቱ ባንዶች የተባለው ትክክል ነው፣ ተቀብያለሁ። የ15 ቀኑ መስኮት ግን ለክረምት ጠባብ ነው። ሐምሌና ነሐሴን በ30 ቀን አድርገው።

ዋርካ_ጥላ

የጥላ ነገር ገና አልተነካም፣ ትልቁ ስህተት ያለው ግን እዚያ ነው።

ሳተላይቱ እኛ ጋ የሚያልፈው ከረፋዱ 5 ሰዓት ግድም ነው። ታኅሣሥ ላይ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ደቡብ ምሥራቅ ናት፤ ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። ሰኔ ላይ ግን የፀሐይ መንገድ ከእኛ በስተሰሜን ያልፋል። አዚሙዟ (ከሰሜን ወደ ምሥራቅ እየተለካ ያለው አቅጣጫዋ) ወደ 60 ዲግሪ ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ ማለት ነው፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወድቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እንዲህ ነው። የሌላ አገር ኮድ "ጥላ ወደ ሰሜን ነው" ብሎ ቁጥር አስሮ ከሆነ፣ ጎጃም ውስጥ ልክ ሰብሉ በሚበቅልበት ወቅት ጥላውን በተቃራኒ በኩል ይፈልጋል። የሚያገኘውም እርጥብ መረሬ አፈር ነው። አዚሙዙን ሁልጊዜ ከራሱ ከምስሉ ሜታዳታ (የመግለጫ ፋይል) አንብቡ።

ርቀቱም ይለያያል። የደመናው ከፍታ ከመሬት ተቆጥሮ፣ በፀሐይ ዜኒት (ፀሐይ ከአናት በራቀችበት ማዕዘን) ታንጀንት ይባዛል። 2,000 ሜትር ከፍ ያለ ደመና፦ ሰኔ ላይ ዜኒት 25 ዲግሪ ግድም ስለሆነ 930 ሜትር፤ ታኅሣሥ ላይ 40 ዲግሪ ግድም ስለሆነ 1,680 ሜትር። የሚዞረው ኮድ የሚፈልገው ግን 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ደጀን ላይ ቁሙ። ከአምባው 1,500 ሜትር ከፍ ያለች ደመና ሰኔ ላይ ጥላዋን 700 ሜትር ራቅ አድርጋ ትጥላለች። ያችው ደመና ሸለቆው ላይ ስትሆን መሬቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ጥላዋ ከ1,160 ሜትር አልፎ ነው የሚያርፈው። በጋ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደመና አንድ፣ ፀሐይ አንድ፣ ጥላው ግን ሁለት ቦታ። ስለዚህ ለሸለቆው የጥላ ፍለጋውን ርቀት 3 ኪሎ ሜትር አድርጉ፤ ለሜጫ ሜዳ 2 ይበቃል። የፍለጋውን ክልል ሰፋ ስታደርጉ ግን የጨለማ ገደቡን ጠበቅ አድርጉ፤ ቢ8 ላይ 0.15 የነበረውን 0.12 በሉት። አለዚያ ብቸና ላይ ዝናብ የመታው የታረሰ መረሬ ሁሉ ጥላ ይባላል። ጥላና እርጥብ አፈር ሲምታቱ የሚለዩት ባንዶቹን በማነጻጸር ነው፦ ጥላ ውስጥ ያለ ተክል ቢ8ው ቢወርድም ከቢ4 ይበልጣል፤ እርጥብ መረሬ ላይ ግን ሁሉም ባንድ ተቀራርቦ ዝቅ ያለ ነው፣ ቢ2 ደግሞ ከሁሉም ያንሳል።

ቃዳ_በቃዳ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልሠራም። ጋሽ ዋርካ ባሉት መሠረት 0.12 ሲገባ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ምስሎች ላይ አንድም ጥላ አልተገኘም። በ2013 ዓ.ም. ምስሎች ላይ ግን ልክ ይሠራል። ያው ኮድ ነው። የ2016ቱ ከኮፐርኒከስ (ከአውሮፓው የምስል ማከፋፈያ) የወረደ ፋይል ነው።

ዳሞት_ኮድ

የ1,000 ጉዳይ ነው። ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 (ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.) ጀምሮ፣ ከፕሮሰሲንግ ቤዝላይን (የምስሉ አሠራር ስሪት) 04.00 ማለት ነው፣ በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ላይ 1,000 ተጨምሮበታል። ሪፍሌክታንስ (የተንጸባረቀውን ብርሃን ድርሻ) ለማግኘት መጀመሪያ 1,000 ቀንስ፣ ከዚያ ለ10,000 አካፍል። አንተ ሳትቀንስ አካፈልክ፤ ሁሉም ፒክስል በ0.1 ነጣ። 0.08 የነበረው ጥላ 0.18 ሆነ፣ ከ0.12 በታች የሚገኝ ነገር ጠፋ። ኤንዲቪአይህም ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ ከላይና ከታች እኩል ሲጨመር ልዩነቱ ያው ሆኖ ድምሩ ያድጋል።

በቀን ብቻ አትለይ። የድሮ ምስሎችም እንደገና ስለተሠሩ የ2019 ምስል በአዲስ ቤዝላይን ሊወርድልህ ይችላል። ሜታዳታው ውስጥ ያለውን ኦፍሴት (የተጨመረውን ቁጥር) አንብብ። ኧርዝ ኢንጂን ላይ ሃርሞናይዝድ የሚለውን ስብስብ ከወሰድክ ቅነሳው ተሠርቶልሃል፤ ደግመህ ከቀነስክ ቁጥርህ ኔጌቲቭ ይገባል።

በዚያው ሰበብ፦ ኪውኤ60 የሚባለው የደመና ባንድ ኧርዝ ኢንጂን ላይ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 ባዶ ነው። በዚያ ላይ የተመሠረተ የድሮ ኮድ ካላችሁ ጣሉት።

ጮቄ4000

ኤስ2 ክላውድለስን በራሳቸው ማሽን ለሚያስኬዱ ደግሞ፦ የሚፈልገው አሥር ባንድ ነው፣ ከእነሱ ውስጥ ቢ10 አለ። ቢ10 ኤል2ኤ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከኤል1ሲ ነው የሚሠራው፣ ማስኩን ብቻ ወደ ኤል2ኤ ታመጣዋለህ። ባንዶቹን ሁሉ ወደ 10 ሜትር አምጥቶ ማስኬድ ይቻላል፣ ግን ማሽኑን ማሠቃየት ነው። ደመናን ማወቅ በ60 ወይም በ160 ሜትር ይበቃል፤ ሴንቲነል ሃብ የተባለው አገልግሎት የሚሰጠውም በ160 ሜትር የተሰላ ነው። ለቃዳ ማሳ ግን የ160 ሜትር ማስክ ዳሩ ሸካራ ነው። መካከለኛው መንገድ፦ ፕሮባቢሊቲውን በ60 ሜትር አስላ፣ ራሱን ፕሮባቢሊቲውን (ቁጥር ስለሆነ እዚህ ባይሊኒየር ይፈቀዳል) ወደ 10 ሜትር አምጣ፣ ገደቡን 0.4 ቁረጥ፣ ከዚያ በፈር ስጥ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ መጀመሪያ ቆርጠህ ኋላ ካለሰለስከው፣ እንደ ራስተር ቤት ወንዝ ትርጉም የሌለው ቁጥር ዳሩ ላይ ይመጣል።

ስለ ጮቄ አንድ ነገር። ቢ10 የሚሠራው በ1,375 ናኖሜትር ላይ የአየር እርጥበት የመሬቱን ብርሃን ስለሚውጠው ነው፤ የሚያበራ ነገር ካለ ከእርጥበቱ በላይ ያለ ሲረስ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ጫፍ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ የሚውጠው እርጥበት አይበቃም። መሬቱ ራሱ ወደ ቢ10 ይደርሳል። ጫፉም በየምስሉ "ቀጭን ሲረስ" ይባላል። የ10 ቁጥር ቅርጽ የከፍታ መስመር ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ሲረስ አይደለም፣ ተራራው ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ በበጋ 10 ቁጥርን ብቻውን አትቁረጥ፤ ቢ2ም ከበጋው ሚዲያን በ0.03 ያህል ከፍ ማለቱን አረጋግጥ።

11 ቁጥርን (በረዶ) ግን ያለ ማመንታት ከደመና ጋር ቁረጡት። ጎጃም ውስጥ በረዶ ቢጥል ለሰዓታት ነው፤ በክረምት 11 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የረጅም ደመና ጫፍ ነው።

ቃዳ_በቃዳ

ጥላው ተመለሰ። ቀለበቱም ጠፋ። ወንዙም ደረቀ። አሁን ክፍተቱን በአሜሪካኖቹ ሳተላይቶች በላንድሳት 8 እና 9 ለመሙላት ነው፤ እሱ ላይስ ምን ይጠበቃል?

ራስተር_ቤት

ማስኩ ኪውኤ ፒክስል የሚባለው ባንድ ውስጥ በቢት (በ0 እና 1 አሃዞች) ተጽፏል። ቢት 0 ባዶ፣ 1 የሰፋ ደመና፣ 2 ሲረስ፣ 3 ደመና፣ 4 ጥላ፣ 5 በረዶ። ስድስቱም ዜሮ እንዲሆኑ ከ63 ጋር ቢትዋይዝ ኤንድ (AND) አድርገው፤ ውጤቱ 0 ከሆነ ጥርት ያለ ነው። ቁጥሩን እንዳለ "ከዚህ በላይ ደመና ነው" እያሉ መቁረጥ ስህተት ነው። ለሪፍሌክታንስ በ0.0000275 አባዛ፣ 0.2 ቀንስ።

ዋናው ጉዳይ ፍርግርጉ ነው። ሴንቲነል የፒክስሉን ጥግ ነው በኮኦርዲኔት ቁጥሩ ላይ የሚያሳርፈው፣ ላንድሳት የፒክስሉን መሐል። ሁለቱም በአንድ የካርታ ዞን፣ ዩቲኤም 37 ሰሜን፣ ቢሆኑም የላንድሳት ፍርግርግ በ15 ሜትር ተንሸራቶ ነው የተቀመጠው፤ አንድ ተኩል የሴንቲነል ፒክስል ነው። ለቃዳ ማሳ ያ ብዙ ነው። ሁለቱን ወደ አንድ የ30 ሜትር ፍርግርግ አምጣ፣ በሴንቲነሉ ጥግ ላይ የተመሠረተ። ሪፍሌክታንሱን በባይሊኒየር ወይም በኪዩቢክ፣ ማስኩን በኒረስት፣ ከዚያ ማስኩን በአንድ ፒክስል አስፋ።

የሴንቲነልን የ10 ሜትር ማስክ ወደ 30 ስትወስድ ደግሞ ኒረስት አይሆንም፤ ከዘጠኙ አንዷን ብቻ ነው የሚያየው። 0 እና 1 ያለውን ማስክ በአማካይ አውርደው፣ ከ0 የሚበልጠውን ሁሉ ደመና በለው። ወደ ትንሽ ፒክስል ሲሄድ ኒረስት፣ ወደ ትልቅ ፒክስል ሲሄድ አማካይና ገደብ።

የጣና_ዳር

እስከ ሐይቁ ለሚሠራ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። ውሃ በቢ8 ጨለማ ስለሆነ የጥላ ፍለጋው ደመና አጠገብ ያለውን የጣና ክፍል ሁሉ ይበላዋል። 6 ቁጥርን ከጥላ አውጡ ይላሉ፣ ግን ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ ክረምት ላይ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ኤስሲኤል 6 አይለውም። ቋሚ የውሃ ንብርብር ያስፈልጋል፤ ከላንድሳት የተሠራው የጄአርሲ (የአውሮፓው የምርምር ማዕከል) የገጸ ምድር ውሃ ካርታ በ30 ሜትር ይገኛል። እምቦጭ የምትከታተሉ ከሆነ ግን ያንን ንብርብር ጥላን ለመከላከል ብቻ ተጠቀሙበት፤ ውሃው ላይ ያለውን አረንጓዴ ሁሉ ስህተት ነው ብሎ ለማጥፋት አይሁን።

ቃዳ_በቃዳ

ለማረጋገጥ ሐይቁንም አስገብቼ አየሁት። የሰኔ አጋማሽ ምስል ላይ ማስኩ ጣናን በቀጥታ መስመር ከፍሎታል። አንዱ ወገን ሙሉ ደመና፣ ቀጥሎ ንጹሕ። በእውነተኛ ቀለም ሳየው ደመና የለም። የታይል ድንበርም አይደለም።

የጣና_ዳር

የፀሐይ ነጸብራቅ ነው። ሴንቲነል 2 አሥራ ሁለት ዲቴክተር አለው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንዱ ትንሽ ወደ ፊት ሲያይ ቀጣዩ ትንሽ ወደ ኋላ ያያል። የአንዱ ስፋት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትቀርብ ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ዲቴክተር የውሃውን ብልጭታ ይቀበላል፣ ጎረቤቱ አይቀበልም። መሬት ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ውሃ ላይ ግን ቢ11 (የአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ) በግልጽ ይዘላል፣ ምደባውም ደመና ይለዋል። ቢ11ን ብቻ ግራጫ አድርገህ ክፈተው፤ መስመሩ ከማስኩ ጋር ልክ ይገጥማል።

ለማሳ ሥራህ ምንም አይነካህም። ለሐይቁ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያሉትን ምስሎች ማስኩን በኤስሲኤል አትሥራው፤ ከውሃው ንብርብር በላይ ቢ10ን ብቻ ተጠቀም፣ ነጸብራቁ እዚያ አይደርስም። ዝቅተኛ ደመና ያመልጥሃል፣ እሱን በዓይን አውጣው።